ስም የሌላት መስመር

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ከበቡኝና «እማማ፣ ከእነዚያ ፕሮፌሰሮች ጋር ተቀምጠው ምን ይሠሩ እንደነበር ይንገሩን» አሉኝ። «ነግሬያችሁ የለም እንዴ?» ብላቸው፣ «በቁራጭ በቁራጭ ነው እንጂ! መሀል ላይ ሲደርሱ ወደ ሌላ ወሬ ይገባሉ» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እግሬም አፌም አንድ ቦታ አይቆይም። እንግዲያውስ በጽሑፍ ይሁንላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ብዬ። ትምህርት ቤት ልጆቼን በር ድረስ አድርሼ ተመለስኩ እንጂ ለመማር ገብቼ አላውቅም። እጄ ሲደክም የልጅ ልጄ ትቀበለኛለች። የማንንም ስም አልጠራም። ለምን እንደማልጠራ ወሬው ራሱ ይነግራችኋል።

ነገሩ የመጣው በእግሬ ነው። ቤቴ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ነው። ጠዋት ቤቱን ካበጃጀሁ በኋላ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። የታመመ ልጠይቅ፣ አራስ ልይ፣ ሐዘንተኛ ላጽናና እያልኩ ከቁስቋም ቀጨኔ፣ ከቀጨኔ መልሼ ሽቅብ ስዞር እውላለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «አንቺን የፈለገ ቤት አይምጣ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቅሽ» ይለኝ ነበር። እናም አንድ ጊዜ የጤና ጥናት የሚሠሩ ወጣቶች የደም ግፊት መለኪያና በአፍ የሚነፋ ቱቦ ይዘው ሰፈራችን ሲመጡ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ «መንገድ የሚያሳያችሁ ከእሳቸው የተሻለ አታገኙም» ብላ ወደ እኔ ላከቻቸው።

ስንት ቀን መራኋቸው! የቀጨኔን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ በር ከሌላው ጀርባ ተደብቋል፤ መንገድ ነው ብለህ ስትገባ የሰው ጓሮ ነው፤ ጓሮ ነው ብለህ ስትመለስ መንገዱ እሱ ነበር። እኔ ፊት ፊት፣ እነሱ እያለከለኩ ኋላ ኋላ። የልብ ጓደኛዬ በር ላይም ራሴ አድርሻቸው «ግቡ፣ ጥሩ ሴት ናት» ብዬ ወደሚቀጥለው ቤት አለፍኩ።

ይህቺ ጓደኛዬ ሸክላ ሠሪ ናት። ከእናቷ የተማረችው ነው፤ ድስቱንም ጀበናውንም ታበጀዋለች። ጭቃውን ስትዳስስ አጠገቧ ተቀምጬ ብውል አይሰለቸኝም። ችግሩ ማቃጠሉ ላይ ነው። ሸክላው በግቢዋ ተደርድሮ ቅጠልና ጭራሮ ሲለኮስበት ጭሱ መንገዱን በሙሉ ይሞላዋል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ስትስብ ኖራለች፤ ሳሏ ከመንገዱ ጫፍ ይሰማል። ስምንት ወልዳ ሦስት ቀሩላት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ጨርሳለች። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ቅርቧ ያለውን ጤና ጣቢያ ትታ ሩቅ እየሄደች ነበር የምትውጠው።

«ይሄ ከተሰማ ወጥ የሚሠራበትን ድስት ከእኔ ማን ይገዛል?» ትለኝ ነበር። «ድሮም ሸክላ ሠሪ ናት ብለው ሲሸሹን ኖረዋል። አሁን ደግሞ ሳንባዋ ይባልልኝ?»

አሁን የምጽፈው አስፈቅጄ ነው። «ማን እንደሆንኩ ካላወቁ ምን ቸገረኝ» ብላኛለች። የልጆቿን ቁጥር ግን ለውጬዋለሁ። ይህንን ያስተማረኝ ኮሚቴው ነው፤ ወደዚያው ልምጣ።

ወጣቶቹ መዝግበው ከሄዱ ጥቂት ዓመታት አለፉ። በመሀሉ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው በየፊናቸው ከሰው የለቀሙትን መረጃ አንድ ላይ አኖሩት። ጥምረት ይሉታል። እኔ እንደገባኝ እድር ነው። እያንዳንዱ ያለውን አምጥቶ ያስቀምጣል፣ የሚፈልግ ደግሞ ይጠይቃል። አንድ ተመራማሪ «ከዚህ ክምችት ይህን ይህን ስጡኝ፣ እንዲህ ያለውን በሽታ ልመርምርበት» ብሎ ፕሮፖዛል ይጽፋል። ይሰጠው ወይስ አይሰጠው ብሎ የሚመዝን ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ውስጥ መረጃው ከተወሰደበት ሕዝብ አንድ ሰው ይኑር ተባለ። ያቺው የጤና ኤክስቴንሽን ስሜን ሰጠቻቸው።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ! አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። ታክሲ አሳፍረውኝ፣ ሊፍት ውስጥ አስገብተውኝ፣ ረጅም ጠረጴዛ ዳር አስቀመጡኝ። በየሰው ፊት የታሸገ ውኃ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሽማግሌ ዶክተር ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ እንጀምር» ሲሉ፣ እኔ ጸሎት መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታ ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። ለኮምፒውተሩ ጸለይኩ፣ ለበሽተኞቹ ጸለይኩ፣ ለሊፍቱም ጸለይኩ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ተነሥተው አንገታቸውን ደፍተዋል። «አሜን» አሉ። ጸሐፊዋ በኋላ በሳቅ እየፈረሰች «እማማ፣ አጀንዳውን ሊያነቡ ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰብሳቢው ራሳቸው «እማማ፣ ይባርኩንና እንጀምር» ማለት ለመዱ።

አሠራራቸው ልቤን ገዛው። እያንዳንዱን ፕሮፖዛል ሁለት ሰዎች አስቀድመው ለብቻቸው ያነቡታል። ጥያቄው ሊጠየቅ የሚገባው ነው ወይ፣ የተጠየቀው መረጃ መልስ ይሰጣል ወይ፣ አጥኚው ይችለዋል ወይ እያሉ ከአምስት ነጥብ ይሰጡታል። ሁለቱ ነጥባቸውን የሚያስተያዩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀደም ብሎ መመካከር የለም። ከዚያ ደግሞ ሰዎቹ ፈርመው መረጃቸውን ሲሰጡ ለዚህ ዓይነት ጥናት ተስማምተው ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ይሄን ስሰማ ከወንበሬ ልነሣ ነበር። እኔም እኮ ያኔ ወጣቶቹ ሲመዘግቡኝ ፈርሜያለሁ! ያቺ የፈረምኩባት ወረቀት እዚህ ድረስ ትታሰባለች ብዬ መቼ አሰብኩ?

ፕሮፖዛሎቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊዋ፣ መረጃውን በኮምፒውተር የምትጠብቀውም እሷ ናት፣ አሳጥራ በአማርኛ ትነግረኝ ጀመር። «የለም ልጄ፣ ሙሉውን ተርጉመሽ አንብቢልኝ» አልኳት። መጀመሪያ ሁሉም ሰዓታቸውን ዓይተው ተነፈሱ። ግን ጆሮ የሚይዘውን ዓይን ያልፈዋል። አንዱ ፕሮፖዛል ሲነበብ መጀመሪያው ላይ እናቶችን ብቻ አለ፣ መጨረሻው ላይ አባቶችንም ጨመረ። «ልጄ፣ አባቶቹ ከየት መጡ?» አልኩ። ቁጥር የሚያውቀው ሰውዬ፣ ማለቴ የስታቲስቲክስ ባለሙያው፣ ወረቀቱን ገለባብጦ «ሁለቴ አንብቤው አላየሁትም!» አለና ግንባሩን መታ። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ማስነበብ የኮሚቴው ደንብ ሆነ። እንግዲህ እኔን ያየ! ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር የተመለስኩት።

በሦስተኛው ስብሰባ ነው ነገሩ የመጣው።

ጸሐፊዋ ማንበብ ጀመረች። አንዲት ወጣት ሐኪም ናት የጠየቀችው። ሸክላ የሚያቃጥሉ ሴቶች ለምን እንደሚያስሉ፣ ጭሱ ሳንባቸውን ምን እንደሚያደርገው ላጥና ትላለች። ለዚህም ያኔ በቱቦ የተነፋውን ትንፋሽ፣ ዕድሜ፣ የወሊድ ብዛት፣ የወሰዱትን መድኃኒት፣ የሚኖሩበትን መንገድ ጭምር ስጡኝ ትላለች። ልቤ ዘለለ! ስለ ጓደኛዬ ነው እኮ የሚወራው። ዕድሜ ልኳን ስትስል አንድም ሰው ለምን ያላላትን ሴት፣ እነዚህ የተማሩ ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠው ለምን ሊሉላት ነው።

ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው «ከዚህ ፕሮፖዛል ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለው?» ብለው ጠየቁ። አንድ ፕሮፌሰር ብድግ ብለው «ተማሪዬ ነበረች» አሉና ወጥተው በሩን ዘጉ። እኔ የማውቀው ሰው ሲቀርበው ሊያግዝ እንደሚገባ ነው፤ እዚህ ስለቀረበ ይወጣል። ገረመኝ።

ሁለቱ አንባቢዎች ነጥባቸውን አወጡ። ከፍ ያለ ነው፣ ሁለቱም። በደስታ መዳፌን አሻሸሁ። ጸሐፊዋ «የሚሰጣት መረጃ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከክምችቱ አንድ መስመር አትሜያለሁ፤ ስም የለበትም» ብላ ለየሰዉ ወረቀት አደለች። አጠገቤ መጥታም አነበበችልኝ። ሴት። ስልሳ ሦስት ዓመት። የሚኖሩበት መንገድ ይህ። ሥራ፣ ሸክላ፣ ከልጅነት ጀምሮ። ስምንት ወልደው ሦስት በሕይወት ያሉ። የሳንባ መድኃኒት፣ ሁለት ጊዜ።

«ውይ! ይቺማ...» ብዬ ጮህኩ። ስሟ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በሁለት እጄ አፌን አፈንኩት።

ሁሉም ከወረቀታቸው ቀና አሉ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አወቅኋት።»

«እንዴት?» አለ የስታቲስቲክሱ ሰው። «ስም እኮ የለም።»

«ስም ምን ያደርግልኛል? ልጄ፣ ያ መንገድ እኮ አጭር ነው። ከላይ ስታስነጥስ ከታች ይማርህ ይሉሃል። ስምንት ወልዳ ሦስት የቀሩላት፣ ስልሳ ያለፋት ሸክላ ሠሪ ስትለኝ እኮ ደጇን ነው ያሳየኸኝ።»

«ማን ናት?» ሊል አፉን ሲከፍት ሰብሳቢው በእጃቸው ከለከሉት። «እንዳይጠየቁ። እማማም እንዳይናገሩ» አሉ።

ጸሐፊዋ ፊቷ አመድ መስሎ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። «ስሙን ከሰረዝኩ የበቃ መስሎኝ ነበር» አለች፤ አሳዘነችኝ። እኔ ግን ከዚያ በላይ የተጨነቅሁት ለራሴ ነው። ተነሣሁና «ዶክተር፣ እኔም ልውጣ መሰለኝ። ጓደኛዬ ናት» አልኩ። ሰብሳቢው ሳቁ። «እማማ፣ ሰፈርተኛዎን ስላወቁ ከወጡማ ሰፈሩን ማን ይወክላል? ይቀመጡ። ይልቅ ምን እናድርግ?»

ምን እናድርግ! እኔን ነው የሚጠይቁት። አንዱ ልቤ ይለፍ ይላል፤ ጥናቱ ካለፈ የጓደኛዬ ሳል መልስ ያገኛል። ሌላው ልቤ ይቅር ይላል። ይህ መስመር ወጥቶ፣ ታትሞ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ቀን ሰፈራችን ይደርሳል። ያን ቀን ድስቶቿ በደጇ ተደርድረው ያድራሉ፤ ገዢ በሌላ በኩል ያልፋል። ሩቅ ሄዳ በስውር የዋጠችው መድኃኒት ሁሉ ከንቱ።

«የእድራችን ድስት ሲዋሱት ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል» አልኩ። «ይሄ ግን ተወስዶም እዚህ አለ፤ ተመልሶም እዚያ ይቀራል። እንዴት ብለን እንቆጥረዋለን?»

«እሱስ መላ አለው» አለች ጸሐፊዋ። «ይዛው አትሄድም። እዚህ ክፍላችን መጥታ፣ በእኛ ኮምፒውተር ትሠራና ውጤቱን ብቻ ይዛ ትወጣለች።»

«እሱ ይሁን። ውጤቱ ላይስ?» አልኩ። «ለቅሶ ቤት ሁላችን ነጠላ ዘቅዝቀን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ከኋላ ያየን ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሦስት ብቻ ከሆንን ግን በጀርባችንም እንታወቃለን። ሰው እንዲደበቅ ብዙ ይሁን።»

የስታቲስቲክሱ ሰው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። «ልክ ናቸው። ቁጥራቸው ያነሰ ከሆነ በሰንጠረዥ አናወጣም። ዕድሜም በአሥር ዓመት ይጠቃለል። የልጆቹ ብዛት ለጥያቄዋ አያስፈልጋትም፣ ይውጣ። መንገዱን ከደበቅን ግን ጥናቱ ሞተ። ጭሱ ከመንገድ መንገድ ይለያያል፤ እሱን ካላወቀች ምንም አታገኝም።»

ደስታዬ ውኃ ሆነ። ሰዎቹ መከራከር ጀመሩ፤ አንዳንዱም በእንግሊዝኛ ገባበት። እኔ ዝም ብዬ ያንን መንገድ በልቤ ሄድኩበት። ከላይ ጀምሬ ቁልቁል ወረድኩ። የጓደኛዬ ግቢ፣ ማቃጠያው፣ ከእሱ አጠገብ ያለችው የምታስለው፣ ከዚያ ራቅ ያለችው፣ ከጥጉ ማዶ ደግሞ ጭሱ የማይደርስባት...

«ኧረ ቆዩ!» አልኩ። ድምፄ ከኔ የወጣ አልመሰለኝም። «ጭሱ የመንገዱን ስም መቼ ያውቅና! ከማቃጠያው ስንት እርምጃ እንደምትርቅ ብቻ ብትነግሯትስ?»

የስታቲስቲክሱ ሰው ብዕሩን ጣለው። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ርቀቱን እኔ ራሴ አሰላዋለሁ፤ ከዚያ መንገዱን አጠፋዋለሁ። እሷ ርቀቱን ብቻ ታያለች!» እያለች ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ይበርራል። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ይሄንን የት ተማሩት?» አለኝ። «በእግሬ» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

ሐኪሟን ለጥያቄ አስገቧት። ቀጭን ልጅ ናት፤ ፋይሏን በደረቷ አቅፋ ገባች። የኮሚቴውን አሳብ ሲነግሯት ሁሉንም በደስታ ተቀበለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ልጄ፣ ውጤቱን ለማን ትነግሪዋለሽ?» አልኳት።

«በሳይንስ መጽሔት ይወጣል፣ እማማ።»

«መጽሔቱ ቀጨኔ ይደርሳል?»

ሳቀችና «አይደርስም። እኔ እመጣለሁ» አለች። «በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ምርጫ ነው ያለው፤ ይለፍ፣ ተስተካክሎ ይመለስ፣ ይቅር። ተስተካክሎ ይመለስ የሚሉ እጅ ያውጡ ሲባል እኔ እጄን ረስቼ «አሜን!» አልኩ። ጸሐፊዋ እንደ ድምፅ ቆጥራ መዘገበችው። የወጡት ፕሮፌሰር ተመልሰው ሲገቡ ምን እንዳሳቀን ቢጠይቁ የሚነግራቸው ጠፋ።

ተስተካክሎ ተመለሰ፣ አለፈ፣ ተጠና። ሐኪሟም ቃሏን አከበረች። በእድራችን አዳራሽ ቆማ ለሴቶቹ በአማርኛ ነገረቻቸው፤ ጭሱ የት ላይ እንደሚያይል፣ ነፋሱን አይቶ መለኮስ ምን እንደሚያድን፣ ማን መታየት እንዳለበት። ጓደኛዬም ከኋላ ተቀምጣ ሰማች። ትንፋሽ ለማስለካት ሰልፉን ስትይዝ አየኋት፤ ብቻዋን አልነበረችምና አላፈረችም። በዚያ ወረቀት ላይ እንዳየኋት ግን ትንፍሽ አላልኩም። ኮሚቴው ውስጥ ስገባ ፈርሜያለሁ፤ የስብሰባ ወሬ አይወጣም።

ዓመታት አለፉ፤ ጉልበቴ ሲደክም ኮሚቴውን ለሌላ ሴት አስረከብኩ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን እኔና ጓደኛዬ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄደን ነበር። አሁን ቅጠል የመለየት አመል ተነሥቶባታል፤ ለማገዶ ሳይሆን ለማየት። ዳገቱ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ሳሏ ቀንሷል። አየሩ ደስ ሲለኝ ምላሴ ተፈታና «አንቺ፣ አንድ ቀን በወረቀት ላይ አይቼሽ ስምሽን ልጠራ ነበር» አልኳት። ስለ መስመሯ፣ ስለ ጩኸቴ፣ አፌን ስለማፈኔ ነገርኳት።

መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እስክታስል ድረስ።

«እኔን? እኔ እኮ በሩን አልከፈትኩላቸውም!»

«ምን?»

«አንቺ ጀርባሽን እስክታዞሪ ጠብቄ ቀረቀርኩት። ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ፣ 'የቤቱ ባለቤት የለችም' አልኳቸው ከውስጥ ሆኜ። መድኃኒቴን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ። አንድም ነገር አልተጻፈልኝም።»

ወረቀቱ ላይ ያወቅኋት ሴት እሷ አልነበረችም ማለት ነው። በዚያው መንገድ ላይ ስምንት ወልዳ ሦስት የቀሩላት፣ የሳንባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ በስውር የዋጠች ሌላ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነች አላውቅም። ወጣቶቹን በሯ ድረስ ያደረስኳቸው ግን እኔው ነኝ።